ሱቁ የማን ነው? ከጅማ እስከ ሰባተኛ

ከጅማ መውጣት

ከጅማ የተነሳሁት ሐሙስ ማለዳ ነው። ይዤው የወጣሁት ጥያቄ አንድ ነበር፤ ባልና ሚስት አብረው ሲነግዱ ሱቁ የማን ነው? የምማረው ሁለተኛ ዲግሪ ነው። የትምህርት ክፍላችን ሥርዓተ ፆታን፣ ዘርንና ብሔርን አንድ ላይ ያጠናል። ስንጀምር ወንዶች ሁለት ነበርን፤ ጓደኛዬ ገና በመጀመሪያው መንፈቅ ወደ ሕግ ስለተዛወረ ብቻዬን ቀርቻለሁ። አባቴ ጡረታ የወጣ የጂኦግራፊ መምህር ነው። መማሬን አይቃወምም፤ ስጨርስ ምን ተብዬ እንደምጠራ ግን እስካሁን አልገባውም። “ሐኪም ሐኪም ይባላል፣ መሐንዲስ መሐንዲስ ይባላል፤ አንተስ?” ይለኛል።

መርካቶን የመረጥኩት አጎቴ እዚያ ስላሉ ነው። የአባቴ ታላቅ ወንድም ጋሼ ተመስገን ከጎጃም በወጣትነታቸው ወጥተው መርካቶ ውስጥ ሰባተኛ አካባቢ ሱቅ ከፈቱ፤ አባቴ ደግሞ በመምህርነት ተመድቦ ጅማ ቀረ። እኔ የተወለድኩትም ጅማ ነው። አማካሪዬ ዶክተር ሰናይት ዘመድ ቤት እንደማርፍ ስትሰማ፣ የዘመድ ቤት ለእንቅልፍ ጥሩ ነው፤ ለጥናት ግን የሌላ ሰው ሱቅ ፈልግ አለችኝ። ተስማማሁ። ልፈጽመው ያልቻልኩት ግን ይህንኑ ምክር ነው።

ረዳቱ ሻንጣዬን ፖርቶ መጋላው ላይ ከማር ቆርቆሮዎች ጋር አስሮ ጨረሰና አውቶቡሱ ጭጋጉን እየገፋ ወጣ። አጠገቤ የተቀመጡት አጋሮ ዘመድ ጠይቀው ወደ ወልቂጤ የሚመለሱ እናት ነበሩ። ሰርቦን ሳናልፍ ስሜን፣ የአባቴን ሥራና ያላገባሁበትን ምክንያት ጠይቀው ጨረሱ። ስለ ነጋዴ ሴቶች እንደማጠና ስነግራቸው ሳቁ። እሳቸው ቆጮ ነጋዴ፣ ባለቤታቸው ከብት ነጋዴ ናቸው።

“የሱ ንግድ ሲከስር በኔ እንበላለን” አሉኝ። “የኔ ሲከስር ግን፣ ድሮም ብዬሽ ነበር ይለኛል።”

ብዕር ሳወጣ እጄን ያዙኝ። ይሄ የቤት ወሬ ነው፣ ትምህርት አይደለም ብለው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ መለሱ።

ጊቤና ወልቂጤ

ከሶኮሩ በኋላ መንገዱ ቁልቁል ይወርዳል። ጅማ ላይ የደረብኩትን ሹራብ ጊቤ በረሃ ላይ አወለቅኩ። ድልድዩን ተሻግረን ሽቅብ ስንጀምር ወጣት ሴቶች ማንጎና ሙዝ በሳፋ ተሸክመው አውቶቡሱን ከበቡት። መስኮቱ ጠባብ ስለሆነ ብሩ ወደ ታች፣ ማንጎው ወደ ላይ እየተወረወረ ነው የሚገበያዩት። አጠገቤ ያሉት እናት ዋጋ ሲከራከሩ በአማርኛ ጀመሩ፣ በኦሮምኛ ቀጠሉ፣ ከፊት ወንበር ላይ ከተቀመጠች የአገራቸው ልጅ ጋር ደግሞ በጉራጊኛ ተማከሩ። በመጨረሻ በሃምሳ ብር አራት ትልልቅ ማንጎ ገዝተው አንዱን ለኔ ሰጡኝ።

ለምሳ ወልቂጤ ቆምን። እናትየው እዚያ ወረዱ። ሲሰናበቱኝ አዲስ አበባ ስደርስ ሻንጣዬን ለማንም እንዳልሰጥ አስጠንቅቀው ግንባሬን ሳሙኝ። መንገድ ዳር ካለ ምግብ ቤት ገብቼ ለብለብ ያለ ክትፎ በቆጮ በላሁ፤ አይብና ጎመን ተጨምሮበት ዋጋው ከአውቶቡስ ትኬቴ ብዙም አይርቅም። ክትፎው ግን ዋጋውን ያስረሳል። ከከተማው ወደ እዣ የሚወስደው መንገድ ሲገነጠል አየሁት። የጋሼ ተመስገን ባለቤት፣ እትዬ ስንቅነሽ፣ የተወለዱት በዚያ መንገድ መጨረሻ ላይ መሆኑን አውቃለሁ። ከዚያ በላይ ስለሳቸው የማውቀው ነገር እንዳልነበር ያን ጊዜ አልታወቀኝም።

መሳለሚያ

አውቶቡስ ተራ የደረስነው ከሰዓት በኋላ ነው። ጋሼ ተመስገን በር ላይ ቆመው ጠበቁኝ። ረጅም፣ ኮት የማይለያቸው፣ ንግግራቸው ቁጥብ የሆነ ሰው ናቸው። ሻንጣዬን ከእጄ ሲቀበሉኝ እምቢ ብል ተቆጡኝ፤ ቤታቸው እስካለበት መሳለሚያ ድረስ እሳቸው ተሸክመው እኔ ባዶ እጄን ተከተልኳቸው። ታክሲ ተራውን፣ የብየዳ ቤቶቹን፣ አልጋና ቁም ሳጥን የሚሠሩትን አናጢዎች አልፈን ጠባብ መንገድ ውስጥ ገባን። በየደረሱበት “ጋሼ ተሜ” እየተባሉ ይጠራሉ፤ እሳቸውም “የወንድሜ የጌታቸው ልጅ ነው፣ ማስተርሱን እየሠራ ነው” እያሉ ያስተዋውቁኛል። ማስተርሱ በምን እንደሆነ ለማንም አልተናገሩም።

እትዬ ስንቅነሽ ከሱቅ ገና አልተመለሱም ነበር። ቤት የጠበቀን ናሆም ነው፣ ልጃቸው። ከኔ በሁለት ዓመት ያንሳል፤ ዱባይ ተራ ሰው ሱቅ ውስጥ ተቀጥሮ ሞባይልና ቻርጀር ይሸጣል። ልጅ ሆነን ክረምት ክረምት አብረን ስላደግን ወንድሜ ማለት ነው። ማታ እትዬ ሲገቡ ክር የተጣበቀበት ሹራባቸውን እንደለበሱ አቅፈው ሳሙኝና እጃቸውን ሳይታጠቡ ራት ማቅረብ ጀመሩ። እኔም ልርዳ ብዬ ብነሳ ጋሼ፣ “ተቀመጥ፣ እንግዳ ነህ” አሉኝ። ናሆም እንግዳ አይደለም፤ እሱም ተቀምጧል።

ሰባተኛ

ሱቁ የልብስ ስፌት ዕቃ መሸጫ ነው፤ ቁልፍ፣ ዚፕ፣ ክር፣ ላስቲክ፣ ገበር። ያረጀ ሕንፃ አንደኛ ፎቅ ላይ ነው ያለው። ደረጃው ጠባብ ስለሆነ የጨርቅ ጣቃ የተሸከመ ሰው ሲመጣ ወደ ላይ የሚወጣው ሁሉ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ያሳልፈዋል። በሩ ላይ የጋሼ ተመስገን ስም በትልቁ ተጽፏል። እሳቸው በር አጠገብ ባለው ወንበር ተቀምጠው ስልክ ያነሳሉ፣ ደረሰኝ ይፈርማሉ፣ ከሚያልፈው ሁሉ ጋር ሰላምታ ይለዋወጣሉ። እትዬ ከባንኮኒው ጀርባ ናቸው። ልብስ ሰፊዎቹ የጨርቅ ቁራጭ ይዘው ሲመጡ የሚመሳሰለውን ክር ፈልገው የሚያወጡት እሳቸው፣ ከአስመጪዎች ጋር በጉራጊኛ ዋጋ የሚጨርሱት እሳቸው፣ የዱቤ ደንበኛን የሚፈቅዱትም የሚከለክሉትም እሳቸው ናቸው። ደንበኛው ዕቃውን ከእትዬ ተቀብሎ ሲወጣ ግን “እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ” ይላል።

ለጥናቱ ሌሎች ሱቆችን ያዝኩ። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ከባድ ነበሩ። ሴቶቹ ሲያዩኝ ገቢዎች የላከኝ ይመስላቸዋል፤ መታወቂያዬን ሳሳይ ደግሞ ስለ ሴት የሚማር ወንድ ምን ዓይነት እንደሆነ ለማየት ይጠራራሉ። ከሁሉ ቀድማ ያናገረችኝ ከአጎቴ ሱቅ ሁለት በር አልፎ መጋረጃ የምትሸጠው ሙና ናት። ባሏ ከሞተ በኋላ ሱቁን ብቻዋን ይዛለች። ሻይ አስመጥታልኝ ጥያቄዎቼን አንድ በአንድ መለሰች፤ ብሔር የሚለው ጋ ስንደርስ ቆመች።

“አባቴ ስልጤ፣ እናቴ ወሎዬ፣ ተወልጄ ያደግኩት እዚሁ ሰባተኛ” አለች። “አንዱን ብቻ ምረጪ ካልከኝ አንዱን ወላጄን ከቤት ልታስወጣብኝ ነው።”

ሁለቱንም ጻፍኩ። ከዚያ ስለ ሱቁ አወራችኝ። ደንበኛ ገብቶ “ባለሱቁ የለም?” ሲላት መጀመሪያ መጀመሪያ “ባለሱቋ እኔ ነኝ” ትል ነበር። አሁን ሲደክማት “ለሰላት ወጥቷል” ትላለች፤ ሰውየው ይረጋጋና ዕቃ ያያል። ይህን ስትነግረኝ እየሳቀች ነው። ሳቋን ስትጨርስ ግን ድምጿን ዝቅ አድርጋ እትዬን ጠይቄያቸው እንደሆነ፣ የእሁዱን ስብሰባም ያውቁ እንደሆነ ጠየቀችኝ።

ስለ ስብሰባው ምንም አልሰማሁም ነበር። ሙና አስረዳችኝ። ፎቁ ስላረጀ ነጋዴዎቹ ተደራጅተው አፍርሰው አዲስ ሕንፃ ሊሠሩ ነው። እሁድ ለእያንዳንዱ ሱቅ ሁለት ባለድርሻ ይመዘገባል፤ አዲሱ ሕንፃ ሲያልቅ ሱቅ የሚሰጠው ለተመዘገበው ነው። ጋሼ ተመስገን ራሳቸውንና ናሆምን እንደሚያስመዘግቡ ለኮሚቴው ተናግረዋል።

እትዬ ስንቅነሽ

ዶክተር ሰናይት ያለችኝን ረስቼ አይደለም። ነገር ግን በማግስቱ ጋሼ ወደ ባንክ እንደወጡ እትዬ ከባንኮኒው ጀርባ ሆነው፣ ፎቁን ሁሉ አዳርሰህ እኔን የዘለልከኝ ማንበብ ስለማልችል ነው ወይ አሉኝ። አይደለም፣ ዘመድ ስለሆኑ ነው አልኳቸው። “እንግዲያው እንደ ባዳ ጠይቀኝ” ብለው ባዶ የክር ካርቶን ገልብጠው ተቀመጡ።

ከእዣ የመጡት ታላቅ ወንድማቸው ዘንድ ነበር። የወንድማቸው ሚስት ስላልተመቸቻቸው እዚሁ ታች፣ አሁን ጫማ ጠጋኞቹ ያሉበት ጥግ፣ ማዳበሪያ አንጥፈው ቁልፍና ክር መሸጥ ጀመሩ። ጋሼ ተመስገን ያን ጊዜ የልብስ ሰፊ ረዳት ነበሩ፤ አሠሪያቸው ክር ግዛ ብሎ ይልካቸዋል፣ እሳቸውም አንድ ክር ለመግዛት ግማሽ ቀን ይፈጃሉ። ተጋቡ። ሱቁ የተያዘው በእትዬ የአገር ልጆች እቁብ ነው። እቁቡ ባዳ አያስገባም ነበርና ጣዩ እሳቸው ነበሩ። አከራዩ ደግሞ ለሴት አላከራይም ስላለ ውሉ በጋሼ ስም ሆነ፤ ፈቃዱም ያንኑ ተከትሎ ወጣ።

“ያኔ ማን ስም ያስባል” አሉ እትዬ። “እኔና እሱ አንድ ነን ብዬ ነው። አሁንም አንድ ነን እላለሁ። ሕንፃው ሲሠራ ግን በየትኛው በር እንደምገባ ማወቅ እፈልጋለሁ።”

በጋብቻ የተፈራ ሀብት የሁለቱም መሆኑን ሕጉ እንደሚል ነገርኳቸው። ያውቃሉ። ሙናም ነግራቸዋለች፣ ራዲዮም ሰምተዋል።

“ሕጉን ለማምጣት ባሌን መክሰስ አለብኝ” አሉኝ። “እኔ ደግሞ ባሌን መክሰስ አልፈልግም።”

ደንበኛ ገባችና ተነሱ። የምን ቀለም ዚፕ እንደፈለገች ጠይቀው መሰላሉ ላይ ወጡ፤ ስለዚያ ነገር ያን ቀን ዳግም አላነሱም። እኔ ግን ወደ አውቶቡስ ተራ በኩል ወጥቼ ጸጥ ያለ ቦታ ፈልጌ ዶክተር ሰናይት ጋ ደወልኩ። ከሰማች በኋላ አልተቆጣችኝም። ተማሪም የቤት ልጅም ሆኜ መግባቴን፣ ሁለቱን ግን እንዳላምታታ፣ ከሰው የሰማሁትን ለሌላ ሰው የማድረስ መብት እንደሌለኝ ነገረችኝ። እንደ ልጅ የማደርገውን ልትነግረኝ እንደማትችልም ጨመረች። ስልኩን ስዘጋ ይበልጥ ከበደኝ። ዝም ብል ለአጎቴ ያደላሁ ያህል ነው፤ ብናገር እትዬ ያመኑኝን ማውጣት ነው።

ራት ላይ

የተገላገልኩት ጋሼ ራሳቸው ስለጀመሩት ነው። ዓርብ ማታ ሽሮና አልጫ ክክ ቀርቦ እየበላን ሳለ፣ የፎቁን ሰው ሁሉ ጠይቄ እሳቸውን መተዌ ቅር እንዳሰኛቸው ተናገሩ። ፈገግ እያሉ ነበር። ናሆምም፣ ጠይቀው፣ እኔም ልስማ አለ። እትዬ ሽሮ እየጨመሩ ነበር፤ ጭልፋውን እንደያዙ ቆሙ።

ለሌሎቹ የጠየቅኩትን፣ ሳልጨምር ሳልቀንስ ጠየቅኳቸው። ሱቁን ማን ከፈተው? “እኔና እሷ።” ዋጋ የሚወስነው ማን ነው? “እሷ ትሻላለች።” ዕቃ ከማን እንደሚመጣ? “ያው፣ የሷ የአገር ልጆች ናቸው።” ፈቃዱ በማን ስም ነው? “በኔ።” አዲሱ ሕንፃ ላይስ ማን ይመዘገባል?

ጋሼ እጃቸውን ከማዕዱ አነሱ። ይሄ ነው ትምህርቱ፣ ሰው ቤት ገብቶ ባልና ሚስት ማጣላት ነው ወይ አሉኝ። ድምፃቸው አልጮኸም፤ ፊታቸው ግን ጠቆረ። ናሆም፣ “አንተ እኮ ለጥናት ነው የመጣኸው” አለኝ። እትዬ ጭልፋውን አስቀመጡና ለምን ናሆምን እንደሚያስመዘግቡ ባለቤታቸውን በቀጥታ ጠየቁ። ጋሼ ያወጡት ነገር ለካ ዓመታት የተቀመጠ ነው። የጎጃም ዘመዶቻቸው፣ አንተ ብትሞት ሱቁ ወደ ሚስትህ ወገኖች ይሄዳል፤ ጉራጌ ለጉራጌ ነው የሚሰጠው፣ ልጅህ ባዶ እጁን ይቀራል እያሉ ሲነግሯቸው ኖረዋል። እሳቸው ባያምኑትም ከጆሯቸው አልወጣም።

ናሆም ቀና አለ። እናቱን አየ፣ አባቱን አየ። እሱ ራሱ ከየትኛው ወገን እንደሆነ ያን ጊዜ ማንም አልጠየቀውም።

“አንተ ወገንህ እነማን እንደሆኑ እንጃ” አሉ እትዬ። “እኔ ከወንድሜ ቤት ስወጣ ወገኔ አንተ ነህ ብዬ ነው የወጣሁት።”

አላለቀሱም። ሰሃኖቹን ሰብስበው ወደ ኩሽና ገቡ። ተከትያቸው ገብቼ ማጠብ ጀመርኩ፤ ተቀመጥ ያለኝ አልነበረም።

ቅዳሜ

በማግስቱ ቤቱ ውስጥ ንግግር በኔ በኩል ሆነ። እትዬ፣ ጋሼህ የሱቁን ቁልፍ ይተውልኝ በለው ይላሉ፤ ጋሼ፣ ቁልፉ ጠረጴዛው ላይ ነው በላት ይላሉ። ሁለቱም አንድ ክፍል ውስጥ ናቸው። እትዬ ቀድመው ወጡ፤ ጋሼና እኔ ከመሳለሚያ ሰባተኛ በእግር ሄድን። ቅዳሜ የመርካቶ ቀን ስለሆነ መንገዱ ጢም ብሏል። ጋሪ ገፊው “ኋላ! ኋላ!” ይላል፣ ተሸካሚው “መንገድ! መንገድ!” ይላል፤ እኛ በመካከል እየተጋፋን ነው ያወራነው።

ጋሼ አልተቆጡኝም። አንድ ወዳጃቸው ሲሞት የባልና የሚስት ዘመዶች ተካሰው ሱቁ ታሽጎ ሲቀር እንዳዩ፣ ልጆቹ ሲበተኑ እንዳዩ ነገሩኝ። የፈሩት ያንን ነው። ናሆም የሁለቱም ልጅ ስለሆነ የሱ ስም ካለ ማንም አይከራከርም ብለው ነበር። ክፋት አልነበረበትም። በዚህ ጉዞ ከሰማሁት ሁሉ እስከ ዛሬ የሚያስጨንቀኝም ይሄው ነው፤ ክፋት ቢሆን ኖሮ ለመጻፍ በቀለለኝ ነበር።

ሲጨርሱ አንድ ነገር ብቻ ጠየቅኳቸው። ይህን ስጠይቅ ተማሪ አልነበርኩም።

“ጋሼ፣ የእትዬን ወገኖች ፈርተው ነው። የእኛ ወገኖች መጥተው ውጪ ቢሏቸውስ፣ ያኔ ማን አለላቸው?”

ወገኖቻችን ማለት አባቴና እኔ ጭምር ነን። ደረጃው ሥር ስንደርስ ጣቃ የተሸከመ ሰው ይመጣ ስለነበር ግድግዳው ላይ ተለጥፈን አሳለፍነው፤ ከዚያ ጋሼ ቀድመውኝ ወጡ።

እሁድ

ስብሰባው የነበረው ከፎቁ ጀርባ ባለ አዳራሽ ነው። ከቤተ ክርስቲያን የመጡት ነጠላቸውን እንዳጣፉ፣ ሌሎቹ በሥራ ልብሳቸው ሆነው የፕላስቲክ ወንበሮቹን ሞሉ። ወንዶቹ ከፊት፣ ሴቶቹ ከኋላ ተቀመጡ፤ እንዲህ ተቀመጡ ያላቸው የለም። እትዬ ከሙና አጠገብ ነበሩ። ናሆም ከአባቱ ጋር ፊት ለፊት ተቀምጧል። እኔ በሩ ላይ ቆምኩ።

ጸሐፊው የሱቅ ቁጥር እየጠራ ስም ይመዘግባል፤ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም። ሙና ስትጠራ የራሷንና የሴት ልጇን ስም አስመዘገበች። የጋሼ ተመስገን ቁጥር ሲደርስ እሳቸው ተነሱ። የራሳቸውን ስም እስከ አያታቸው ተናገሩ። ሁለተኛውስ ተባሉ። ኮታቸውን አስተካከሉ።

“ስንቅነሽ” አሉ። “ስንቅነሽ ዘበርጋ።”

ጸሐፊው የአያት ስም ጠየቀ። ጋሼ አፋቸውን ከፈቱ፣ አልወጣላቸውም። ግራ ቀኙን አዩ። ናሆም ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ፤ እሱም አያውቀውም። አዳራሹ ውስጥ ጥቂት ሰዎች ሳቅ አፈናቸው። ጋሼ ወደ ኋላ ዞሩ፤ ከሁለት ቀን በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ባለቤታቸውን በቀጥታ አናገሩ።

“የአያትሽ ስም ማን ነበር?”

እትዬ ስንቅነሽ ተነሱ። ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ለባለቤታቸው ሳይሆን ለጸሐፊው፣ ሙሉ ስማቸውን ከመጀመሪያው ጀምረው ተናገሩ። ድምፃቸው እንዲያ ወፍራም መሆኑን ያን ቀን ነው ያወቅኩት። ጸሐፊው ሳይሰማ ቀርቶ ሳይሆን የጉራጌ ስም አጻጻፍ ስለጠፋው ድገሙልኝ አላቸው። ደገሙለት፤ ፊደሉንም ሙና ነገረችው።

ናሆም ስብሰባው ሳያልቅ ተነስቶ በአጠገቤ አልፎ ወጣ። ጠራሁት፣ አልዞረም። በዚያ ምዝገባ ላይ ተስፋ ጥሎ እንደነበር፣ ሞባይል ሱቅ ለመክፈት ከጓደኞቹ ጋር ተነጋግሮ እንደነበር በኋላ ነው የሰማሁት። ስሙ ሳይገባ የቀረው ባልሠራው ጥፋት ነው። የእትዬ ፍትሕ ለሱ ጉዳት ሆነ፤ ይህን የሚያስታርቅ ንድፈ ሐሳብ እስካሁን አላገኘሁም።

መመለስ

ከዚያ በኋላ ጥቂት ቀናት ቆይቼ የቀሩኝን ሱቆች ጨረስኩ። ቤቱ ወዲያው ሰላም አልሆነም። ጋሼና እትዬ ያወራሉ፣ ቃላቸው ግን አጭር ነው፤ ናሆም ማታ ማታ እኔ ከተኛሁ በኋላ ይገባል። በመጨረሻው ቀን ሱቅ ሄጄ ስሰናበት ጋሼ ትከሻዬን ይዘው፣ “በሚቀጥለው ስትመጣ ጥያቄህን ጅማ ትተኸው ና” አሉኝ። ቀልድ መሆን አለመሆኑን ለማወቅ ፊታቸውን አየሁ፤ አላስታወቀኝም።

ለእትዬ የጥናቱን ሥነ ሥርዓት አስረዳሁ። የነገሩኝን እንድጠቀምበት ይፈቅዱ እንደሆነ ጠየቅኳቸው፤ ፈቀዱ። ማንነታቸው እንዳይታወቅ ስማቸውን ቀይሬ እንደምጽፍም ነገርኳቸው። ቁልፍ እየቆጠሩ ነበር፤ አቆሙ።

“ስሜን?” አሉኝ። “ለምን ትቀይረዋለህ? ለሱ እኮ ነው ይሄ ሁሉ የሆነው።”

ለጥበቃ ነው፣ ደንብ ነው አልኳቸው። ከማን እንደምጠብቃቸው ጠየቁኝ። ለመንገድ ዳቦና ብርቱካን በፌስታል ቋጥረው ሰጡኝና ደረጃው ድረስ ሸኙኝ።

በመመለሻዬ አጠገቤ የተቀመጠው ሰው ወሊሶ ድረስ ተኛ፤ ከወሊሶ በኋላ እኔ ተኛሁ። ጅማ ስደርስ ይዘንብ ነበር። አባቴ በባጃጅ ሊቀበለኝ መጥቷል። ጋሼ ደውለውለት ኖሮ ነገሩን ያውቀዋል። ቤት ልንደርስ ስንል፣ ወንድሜ ሰው ፊት የሚስቱ አያት ስም ጠፍቶት መቆሙ አሳዘነኝ አለ፤ ትንሽ ቆይቶም፣ ግን በመጥራቱ ደግ አደረገ አለ። ስለ ትምህርቴ ከዚያ ወዲህ ምን ተብለህ ትጠራለህ ብሎ ጠይቆኝ አያውቅም። ገብቶት ይሁን ፈርቶኝ አላውቅም።

የስሙን ነገር ለዶክተር ሰናይት ነገርኳት። ደንቡ ስም ይለወጥ ይላል፤ የእትዬ ስም ከተጻፈ የጋሼና የናሆምም ይታወቃል፤ ናሆም ደግሞ አልፈቀደም፤ መልእክቴን ሁሉ አንብቦ ዝም ብሏል። ስለዚህ በመመረቂያ ጽሑፌ ውስጥ እትዬ “ተሳታፊ ሰባት” ናቸው፤ ባለቤታቸውም ልጃቸውም ስም የላቸውም። ስሄድ ሥርዓተ ፆታን በአንድ ምዕራፍ፣ ብሔርን በሌላ ምዕራፍ እጽፋለሁ ብዬ ነበር። አሁን አንድ ምዕራፍ ሆነዋል፤ በዚያ የራት ማዕድ ላይ ሁለቱ ለየብቻ አልመጡምና።

ይህን የጉዞ ማስታወሻ የጻፍኩት ለትምህርት ክፍሉ አይደለም። ከማተሜ በፊት ለጋሼ በስልክ አነበብኩላቸው፤ ሁለት ቦታ አረሙኝና የቀረው ይሁን አሉ። ናሆምን በእውነተኛ ስሙ አልጠራሁትም፤ የራሱን ስም በዚህ ላይ ማኖር ወይም መተው የሱ ፋንታ ነው። እትዬ ግን እንዲነበብላቸውም አልፈለጉም። አንድ ነገር በትክክል መጻፉን ብቻ እንዳረጋግጥላቸው ጠየቁኝ፤ ፊደል በፊደል እያስጠሩኝ አረጋገጥኩላቸው።

ስንቅነሽ ዘበርጋ አመርጋ።